ስልኩን ሰልማ ጋ ትተነው

ላምበረት፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ናዚ የእኔ እመቤት፣

ናፍቆቴን በሙሉ ጽፌ ብልክልሽ ሾፌሩ ፍሮምሳ «ይሄ ደብዳቤ አይደለም፣ ጭነት ነው» ብሎ አውቶብሱ ጣሪያ ላይ ስለሚወረውረው ትንሽ ቀንሼ ጽፌያለሁ። የቀረውን አንቺ ሙዪው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ፍሮምሳ ራሱ ሱቄ በር ላይ መጥቶ «የሚስትህን ቁጣ ይዤ መጥቻለሁ» ብሎ ሰጠኝ። ታሽጎ እያለ በምን እንዳወቀ እንጃ! በዚህ ዘመን ደብዳቤ የሚጻጻፍ ባልና ሚስት ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ስልክ የሚጠግን ሰው ሚስቱን ኔትወርክ የሌለበት አገር ልኮ ብዕር ሲፈልግ ይውላል። ጎረቤታችን ሰልማ ይህን ባየች ቁጥር ልብስ መሸጧን ትታ ትስቅብኛለች።

ስለ ልጃችን የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስ። አዎ፣ ይበላል። አዎ፣ ሹራቡን አለብሰዋለሁ። አይ፣ ሱቅ ውስጥ ብቻውን ትቼው ወጥቼ አላውቅም። ጸጉሩን አላስቆረጥኩትም፤ አንቺ ሳትመጪ መቀስ አይነካውም።

ሥራ ደህና ነው። ወደ ሰሜን የሚጓዝ ባለ ልጅ ሁሉ ከመሳፈሩ በፊት እኔ ጋ ጎራ ይላል። «ወንድሜ፣ ካርቱን ጫንልኝ፤ እስከ ደሴ ዝም የሚያሰኝልኝ» ይላሉ። እጭናለሁ። እስከ ወልዲያ የሚያደርስም አለኝ። «ያለሱ እኮ አይበላልኝም» የምትል እናት በቀን አላጣም። እኔም «ምን ችግር አለው፣ ይማርበታል» እላለሁ፤ ደግሞ እውነቴን ነው።

ማስረጃው ልጅሽ ነዋ! ኢዛና በሦስት ዓመቱ ፈረንጅ ሆኖልሻል። በእንግሊዝኛ እስከ ሃያ ይቆጥራል። ሬድ፣ ብሉ፣ የሎው፣ ቀለም የሚባል አይቀረውም። ማንም አላስተማረውም። እኔ ስጠግን እሱ ከባንኮኒው ሥር ተቀምጦ ስልኩን እያየ ነው የሚውለው፤ ደንበኛ ሁሉ «ይሄማ ኢንጂነር ነው» ይለኛል። ደረቴን ነፋ አደርጋለሁ፣ ምን ልዋሽሽ።

አማርኛውን በተመለከተ ያው ወንድ ልጅ ይዘገያል። እኔም እስከ አራት ዓመቴ አፌን አልፈታሁም ትል ነበር እናቴ፣ ነፍሷን ይማር። አሁን ማን ዝም ያሰኘኛል?

ሲቆጥር የቀረጽኩበትን ሚሞሪ ካርድ ወረቀቱ ላይ በፕላስተር አጣብቄዋለሁ። ስልክሽ ውስጥ ክተቺና እዪው፣ ከዚያ ኩሪ።

ያንቺው ይድነቃቸው


ከጤና ጣቢያው፣ ኅዳር 27 ቀን 2017

ይድኔ፣

ጤና ይስጥልኝ ብያለሁ። ቁጣው ከዚህ በታች ይጀምራል።

ሚሞሪው ሲደርሰኝ መንታ አዋልጄ ገና እጄን መታጠቤ ነበር። ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩና ከፈትኩት። መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ናፍቆት ነው። ሁለተኛ ሳየው ሳቅኩ፤ «ትዌልቭ» ሲል ምላሱን የሚያወጣው ነገር። ሦስተኛ ላይ ግን ልጁን ማየት ትቼ አንተን መስማት ጀመርኩ።

ከጀርባ «ኢዙ! ኢዙዬ! እስቲ ወደኔ እየኝ!» ትላለህ። ትደግማለህ። ታፏጫለህ። ልጁ ቀና አላለም። አውቶብስ ጥሩምባውን ሲነፋ እኔ እዚህ ሆኜ ደነገጥኩ፣ እሱ ዓይኑን እንኳ አልነቀለም። እሱ አንዱን ስልክ ያያል፣ አንተ በሌላው ትቀርጸዋለህ። ይድኔ፣ ለማን ነው የሚቆጥረው?

ስሄድ «እማ» ይል ነበር። «ውሃ» ይል ነበር። አንተን «አባ ና» ይልህ ነበር፤ እኔን ትቶ አንተን ሲጠራ ቀንቼ አኩርፌ እንደነበር ረስተኸዋል? እነዚያ ቃላት የት ሄዱ? ልጅ ይዘገያል፣ እሺ። የያዘውን ግን እንዴት ይጥላል?

እኔ አዋላጅ ነኝ፤ የልጅ አነጋገር ሙያዬ አይደለም። የሚያውቅ ሰው ይየው። መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምረው፣ ነገ ዛሬ አትበል። እስከዚያው አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ። ከኋላው ቆመህ ስሙን ስትጠራው ይዞራል? ሌላውን ወሬ ሁሉ ተወው።

ናዝሬት


ላምበረት፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2017

ናዚ ሆዴ፣

ለዘገየሁት በእኔ አትፍረጂ፤ የፍሮምሳ አውቶብስ ፍሬኑ ታምሞ ጋራዥ ሰንብቶ ነው። መለዋወጫው ጠፍቶ መርካቶን አዳርሶታል። በመጨረሻ አንድ አሮጌ መኪና ተፈቶ ተገኘለት። «እንደ ሰው ነው እኮ፣ ከሞተ ላይ ይወሰዳል» እያለ ሲያስቀን ሰነበተ። አሁን ይይዛል። እኔ ግን ጣርማበር ቁልቁለት ላይ እስካየው አላምነውም፤ አንቺ በእሱ ስትመጪ ከፊት አትቀመጪ።

የሰፈራችን መንገድ እንደገና ተቆፍሯል። አቧራው ስልክ ውስጥ እየገባ ሥራ አብዝቶልኛል፤ ለክፉም ለደጉም ይሁን።

ሰልማ ለልጇ ሲራመዱበት መብራት የሚበራ ጫማ ገዝታላታለች። ኢልሃምን ታውቂያታለሽ፣ አራት ዓመት ሞላት፤ ወራቤ ያሉት አያቷ ሲደውሉ በስልጢኛ ስታወራ የቤቱን ሰው ሁሉ ታስቃለች። ያን ጫማ ለኢዙ ልታሳይ መጥታ ስትዘል ቆየች። ከዚያ «ጋሼ ይድኔ፣ ኢዙ ለምንድን ነው የማይመልስልኝ?» አለችኝ። «ተኝቷል» አልኳት። «ዓይኑ ተከፍቶ?» አለች። የልጅ ጥያቄ መቼ ያልቃል።

አክስትሽ እትዬ የማርያምወርቅም ሰላም ብለውሻል። ለገና ከእንጦጦ ወርደው እኛ ጋ ሊውሉ ነው።

ኢዙ ደህና ነው።

ይድነቃቸው


ከጤና ጣቢያው፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017

ይድነቃቸው፣

ስለ ፍሬን ገጽ ሙሉ ጽፈህልኛል። ስለ ልጄ ሁለት ቃል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ችላ ብለህ ሳይሆን ፈርተህ መሆኑ ይገባኛል። እኔም ፈርቻለሁ። ምን እንደፈራሁ ልንገርህና ያንተን ንገረኝ። ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ፈቃድ አግኝቻለሁ፣ እመጣለሁ። አውቶብስ ተራ እወርዳለሁ፣ ልጄን ከሩቅ አየዋለሁ፣ እሱ እኔን እንደ ማንም መንገደኛ አይቶኝ ዓይኑን ወደ ስልኩ ይመልሳል። እዚህ ማንም ሴት በወለደች ቁጥር ይህ ይታየኛል። የገዛ ልጄ እንዳያውቀኝ ነው የፈራሁት።

ይዞራል ወይስ አይዞርም?

ናዝሬት


ላምበረት፣ ጥር 3 ቀን 2017

ናዚ፣

አይዞርም።

ይህን ቃል ከጻፍኩ በኋላ ወረቀቱን ትቼ ወጥቼ ነበር። ተመልሼ ልቀጥል።

እንዳልሽው ጆሮውን አስመረመርኩት። ጆሮው ደህና ነው፤ እንዲያውም ጎበዝ ጆሮ ነው አሉኝ። ከዚያ ወደ ሕፃናት ሐኪም ላኩኝ። ወጣት ሴት ናት፣ ቁጡ አይደለችም። ብዙ አጫወተችው፣ ኳስ አንከባለለችለት፣ ጻፈች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ቤት ውስጥ ማን ነው የሚያናግረው?» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ከመቶ ሰው ጋር አወራለሁ፣ ናዚ። ከደንበኛ ጋር አወራለሁ፣ ከሰልማ ጋር እቀላለዳለሁ፣ ከፍሮምሳ ጋር እሟገታለሁ። ኢዙን «ብላ፣ ተኛ፣ እንሂድ» ከማለት በቀር ምን እንደምለው ባስብ ባስብ ጠፋኝ። ቤት ስንገባ እሱ አንዱ ስልክ ላይ፣ እኔ ሌላው ላይ ነን። እንዲህ ተቀምጠን ይመሻል።

«ስልኩን ያንሱለት፣ በምትኩ ራስዎን ይስጡት። ከሁለት ወር በኋላ መልሰው ያምጡት፤ ያኔ ሌላ የሚያስፈልገው ካለ እናያለን» አለችኝ። ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ቀማሁት። ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ጩኸት ላምበረት ተሰምቶ አያውቅም፣ ላምበረት ደግሞ ጩኸት ብርቋ አይደለም። ራሱን ከመሬት ያላትም ጀመር። ሰልማ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ሮጣ መጣች። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ተሸካሚ «ልጁ የራስህ ነው?» ብሎ አፈጠጠብኝ። ስልኩን ለኢዙ መለስኩለት። ወዲያው ዝም አለ። ያ ዝምታው ከጩኸቱ የባሰ አስፈራኝ።

ለገና እትዬ የማርያምወርቅ መጡ። ልብስ አምጥተውለት «ና የኔ ጌታ» ቢሉት አላያቸውም። ፊቱ ቁጭ ብለው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፉና «ይህ ልጅ ተይዟል» አሉ። ሐኪሟ ያለችውን ነገርኳቸው። «እሷ ያለችውንም አድርግ፣ እኔ የምለውንም አድርግ። ኪዳነ ምሕረት ወስደን አንድ ሱባኤ እናስጠምቀው። አንተም ሱቅህን ዘግተህ ትመጣለህ፣ አባት ከልጁ ጎን ነው የሚቆመው። ስልክ የሚባል ነገር ግን ደጄን አይረግጥም። ስልክና ጠበል አንድ ኪስ አይገቡም» አሉኝ።

አንቺ የጤና ሰው ነሽ፤ ምን እንደምትዪ አላውቅም። እኔ ግን የቸገረኝ ሰው ነኝ። እሺ በዪኝ ወይም እንቢ በዪኝ።

ይድኔ


ከጤና ጣቢያው፣ ጥር 12 ቀን 2017

ይድኔዬ፣

«አይዞርም» የምትለዋን ቃል ሳነብ ምን እንደሆንኩ አልነግርህም። ግን ስለጻፍክልኝ አመሰግንሃለሁ። ያልተነገረኝን ስገምት ከረምኩ እኮ፤ ግምቴ ከእውነቱ ይብስ ነበር።

ራስህን ብቻ ጥፋተኛ አታድርግ። ልጅና ሱቅ አንድ ላይ ትቼልህ የመጣሁት እኔ ነኝ። ቤት ሳለሁም ወጥ እስክሠራ ብዬ ስልኬን እጁ ላይ አስቀምጬ አውቃለሁ። ዝም ሲል ደስ ይለኝ ነበር። ማን እናት ናት ደስ የማይላት?

ስለ ጠበሉ፣ እኔም እትዬ ቤት ነው ያደግሁት፤ በዚያ ውሃ ስንቴ ተንቀጥቅጫለሁ። እንቢ አልልም። ግን ስማኝ፤ ጥር ነው፣ እንጦጦ ብርዱ አጥንት ይገባል። ተጠምቆ እንደወጣ ወዲያው ይደረቅ፣ ወፍራም ልብስ ይልበስ። ሕፃን አይጾምም፤ እትዬ ቢቆጡም ቁርሱን ይብላ። ካሳለ ወይም ካተኮሰው በዚያው ቀን ይዘኸው ውረድ። ሐኪሟ ያለችውም አይቅር። ጠበሉ ሐኪሟን አያስቀርም፣ እሷም ጠበሉን አታስቀርም።

አንድ ነገር ደግሞ። ስልክህን ስትተው የእጅህ ነገር ምን እንደሚሆን ለማየት እዚያ ብገኝ ብዬ ተመኘሁ። እስኪ እናያለን፣ ጀግናው!

ናዚ


እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት፣ ጥር 28 ቀን 2017

ናዚ፣

ይህን የምጽፈው እትዬ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ስልኮቹን በሙሉ ሰልማ ጋ ትተናቸው መጥተናል። ሳቂብኝ፤ እጄ ኪሴ ውስጥ እየገባ ባዶውን ይመለሳል። ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ምላሴን ጉድጓዱ ላይ እያመላለስኩ ከረምኩ በዪው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማን ይበልጥ እንዳለቀሰ እትዬን ጠይቂያቸው።

መጀመሪያ የሚያስቀውን ልንገርሽ። የመጀመሪያ ቀን ልብሱን አውልቄ አጥማቂው አባ ጋ አቀረብኩት። ውሃው ሲነካው ልጅሽ ምን ብሎ ቢጮህ ጥሩ ነው? «ኖ! ስቶፕ! አይ ዶንት ላይክ ኢት!» ጠበልተኛው በሙሉ ቀጥ አለ። ከዚያ አንዲት ሴትዮ «በፈረንጅ አፍ ነው የሚጮኸው!» ብላ እልል አለች። «የውጭ ነው! የውጭ ነው! ልቀቀው በሉት!» ሆነ። «እናቴ፣ ይሄ ሰይጣን አይደለም፣ ካርቱን ነው» ብል ማን ሊሰማኝ! እትዬ የማርያምወርቅ ደግሞ «አላልኳችሁም?» በሚል ፊት ዙሪያውን ያያሉ። አጥማቂው አባ ብቻ ረጋ ብለው «ልጁ በርዶታል፣ አልብሱት» አሉ። ጋቢዬ ውስጥ ጠቅልዬ ስይዘው ልቡ ደረቴ ላይ ይመታ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው እንዲያ አቅፌ የያዝኩት? አፈርኩ ናዚ።

ቤት ስንገባ ግድግዳው ላይ ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል አየና ጣቱን ወደ ጎን አሳለፈባት። ቀጣዩ እንዲመጣለት። አልመጣም። ደገመው። እትዬ ሊቆጡ ነው ብዬ ስሰጋ «እሷ አታልፍም የኔ ልጅ፤ እሷ ሁሌም አለች» ብለው ጣቱን ሳሙት።

ከጠበል መልስ የሚሠራ ነገር የለም። እትዬ ቤተ ክርስቲያን ይውላሉ። ሰልማ የለችም፣ ደንበኛ የለም። ምን ላድርግ? ዝም ብዬ መዋል አልችል። ከልጁ ጋር ማውራት ጀመርኩ። ስንወርድ ስንወጣ ያየሁትን ሁሉ እነግረዋለሁ። «ይሄ ባሕር ዛፍ ነው። ይሄም ባሕር ዛፍ ነው። ጎሽ፣ ይሄኛው ደግሞ ምን ይመስልሃል? እሱም ባሕር ዛፍ!» ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች «ሰውየው ምን ነካው?» እያሉ ያልፋሉ። ልጁ አይመልስም። እኔም ሐኪሟ እንዳለችኝ ለመልስ ብዬ አላወራም።

ከዚያ የባሕር ዛፍ ፍሬ ከመንገድ አነሳሁና ቁልቁል ለቀቅኩት። እየነጠረ ወረደ። «ሄ...ደ!» አልኩ። ሌላ ለቀቅኩ። «ሄ...ደ!» ኢዙ ቆመ። ፍሬውን በዓይኑ ተከተለው። ሌላ አንስቼ እጁ ላይ አኖርኩለት። ወረወረ። «ሄ...ደ!» በዚህ ነገር ጸሐይ ጠለቀብን። በማግስቱም እሱን አደረግን። በሦስተኛው ቀን ፍሬውን ይዤ ለመልቀቅ ስል ቀና ብሎ አየኝ። ፊቴን ናዚ፣ ዓይኔን። ከዚያ እኔ አፌን ሳልከፍት «ሄ...ደ» አለ።

ገና አልለቀቅኩትም እኮ! እጄ ላይ ነበር። እንዳልዋሽ ብዬ ወዲያው ወረወርኩት።

እዚያው መንገድ መሃል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አንዲት ቅጠል ተሸካሚ እናት ሸክማቸውን አውርደው «ምን ሆንክ ልጄ፣ ሰው ሞተብህ?» አሉኝ። «ልጄ ተናገረ» አልኳቸው። እልልታቸው ቤተ ክርስቲያን ድረስ ተሰማ።

አሁን ሁሉም ነገር «ሄደ» ነው። አህያዋ ሄደ፣ ሴትየዋ ሄደ። የሚመጣውም ሄደ ነው። «መጣ» ማለት ገና አልያዘም፤ አውቶብስ ፊት ለፊት እየመጣ እንኳ «ሄደ!» ይለዋል። ይሁን። ውሃ ሲጠማው «ውሃ» አለ። ያቺ ቃሉ ጠፍታ አልነበረችም፣ ተደብቃ ነው።

ዛሬ ጠዋት ከኋላው ቆሜ፣ ጮክ ሳልል፣ «ኢዙ» አልኩት።

ዞረ።

እትዬ የማርያምወርቅ «ኪዳነ ምሕረት ሠራች» ይላሉ። ሐኪሟ ብትሰማ «ስላወሩት ነው» ትላለች። እኔ ከማንም ጋር አልከራከርም፤ ሁሉም ይመስገኑ። ሳመሰግናቸው ግን እትዬ ምን አሉኝ መሰለሽ? «የተጠመቀው ልጁ ነው፤ አፉ የተፈታው ግን ያንተ ነው።»

ይድኔ


ከጤና ጣቢያው፣ የካቲት 6 ቀን 2017

ይድኔዬ፣

ደብዳቤህን ለምጥ ላይ ላለች ሴት ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እየማጠች ሳቀች። «በፈረንጅ አፍ» የሚለው ጋ ስደርስ ልጁ መጣ፤ ከዚህ የተሻለ ማዋለጃ መድኃኒት የለም።

ያቺን «ዞረ» የምትል ቃል በጣቴ ሸፍኜ፣ ገልጬ፣ ሸፍኜ አየኋት። ደግሜ ባያት ሌላ ሆና ትገኛለች ብዬ ፈራሁ።

ስደርስ «እማ በላት» ብለህ እንዳታስጨንቀው። ከእግርህ ኋላ ቢደበቅም ዝም በለው። እኔ ለራሴ እየነገርኩ ነው የምመጣው። ዘንድሮ ኪዳነ ምሕረት ቅበላ እሑድ ላይ ውላለች፤ እትዬን ዶሮ እንዳይረሱ በልልኝ።

የምትመጣው ናዚ


ከጤና ጣቢያው፣ የካቲት 26 ቀን 2017

ይድኔዬ፣

በሰላም ገብቻለሁ። የፍሮምሳ ፍሬን ጣርማበር ላይ ይዟል፤ ከፊት ነው የተቀመጥኩት፣ ይቅርታ።

አብረን ያየነውን አልደግምልህም። አውቶብስ ተራ ሱሪህን ይዞ እንዳላየኝ ሲሆን «ድካም ነው፣ ይለምድሻል» እያልክ ስትቅበጠበጥ ያሳዘንከኝ አንተ ነህ። ያን ያህል አልጎዳኝም። አየኝ እኮ፤ አይቶ ነው የተደበቀው። ስፈራው የኖርኩት ዓይኑ ሳያርፍብኝ ማለፉን ነበር።

አንተ ያላየኸውን ልንገርህ። እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንተ እትዬን ደግፈህ ቀደምክ። እኛ ወደ ኋላ ቀረን። ሠርቶ ማሳያ ሳይሆን እንዲሁ እየሄደ፣ ጎንበስ አለና የሆነ ነገር አነሳ። ቀሚሴን ጎተተ። «እማ፣ እዪ» አለኝ።

እዪ። ለስልክ «እዪ» አይባልም፣ ይድኔ። ያየውን የሚያይለት ሰው ፈለገ፣ የፈለገውም እኔን ነው። ፍሬዋን መዳፌ ላይ አኖረልኝ። እንዴት እንደሚወረወር ጣቴን ይዞ አሳየኝ። ላንተ ያልነገርኩህ በሌላ ሰው ፊት ካወራሁት የሚጠፋ ስለመሰለኝ ነው። ፍሬዋን አልወረወርኳትም፤ ነጭ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ናት።

ስመለስ በመስኮት ሳየው አፉ ሲንቀሳቀስ አነበብኩት። «ሄደች» ነበር ያለው። እስከ ደብረ ብርሃን አለቀስኩ። ጎኔ የነበሩት ሰውዬ «ሐዘን ነው?» አሉኝ፣ «አይ፣ ልጄ አፍ ፈቶ ነው» አልኳቸው። ግራ ገባቸው።

እዚህ ውሌን ለተጨማሪ ዓመት እንዳድስ ጠይቀውኛል፣ በኃላፊነት። ከአንተ ጋር ልመክር አስቤ ነበር። አያስፈልግም፤ አላድስም ብያለሁ። ሰኔ መጨረሻ ያበቃል። ላምበረትም ሴቶች ይወልዳሉ።

ናዚ


ላምበረት፣ መጋቢት 14 ቀን 2017

ናዚዬ፣

ሰኔ የሚለውን ሳነብ ባንኮኒውን ዘልዬ ወጣሁ። ሰልማ ምስክር ናት፤ ደንበኛ ሸሽቶባታል።

ሐኪሟ ጋ ተመልሰን ነበር። «ገና ይቀረዋል፣ መንገድ ላይ ግን ነው» አለች። በየወሩ ታየዋለች። ኢልሃም በአንድ ትንፋሽ የምታወራውን እሱ በሳምንት አይጨርሰውም፤ ግን ትጠራዋለች፣ ይዞራል። አሁን እንዲያውም ይጣላሉ። «የኔ!» ይባባላሉ፣ ጆሮ አይሰማው የለ! ሰልማ ስትቆጣቸው እኔ «ተያቸው፣ ይጣሉ» ብዬ እለምናለሁ።

ሁሉም ማር ሆኗል ብዬ አልዋሽሽም። ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚውለው። ማክሰኞ ዕለት ግን ሱቁ ሞልቶብኝ፣ እሱም አልቅሶብኝ፣ ተሸንፌ ሰጠሁት። ሰው ነኝ። ረቡዕ እንደገና ጀመርን።

ካርቱን መጫኑን አልተውኩም፤ እንጀራ ነው። ነገር ግን ለባለ ልጅ ሁሉ «እስከ ሸኖ ድረስ በመስኮት አሳዩት፣ ከዚያ ክፈቱለት» እላለሁ። አንዱ አባት «ጠጋኝ ነህ ወይስ ሰባኪ?» አለኝ። «ጠበልተኛ ነኝ» አልኩት።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ይህን ስጽፍ ልጅሽ ጭኔ ላይ ወጥቶ ብዕሩን ቀማኝ። «ለእማ ነው» አልኩት። «እማ» አለ። «ምን ልበልልህ?» አልኩት። ከዚህ በታች ያለው የእሱ ነው፤ እኔ አንድም ቃል አልጨመርኩም፦

እማ። አህያ አለ? ኢልሃም ጫማ መብራት። ኢዙ ጫማ የለም። እማ ሄደች። የት?

ከዚያ ብዕሩን ይዞ ከታች ያለውን ጠመዝማዛ መስመር ራሱ ጻፈ። እኔ ማንበብ አቃተኝ። አንቺ ሞክሪው።

ይድኔና ኢዙ


ከጤና ጣቢያው፣ መጋቢት 25 ቀን 2017

ለአቶ ኢዛና ይድነቃቸው፣ ላምበረት፣ ከባንኮኒው ሥር፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ ጌታዬ። እስከ ዛሬ ከደረሱኝ ሁሉ አጭሩ እሱ ነው፣ ደግሜ ደጋግሜ ያነበብኩትም እሱን ነው። አባትህ እንዳይከፋው ይህን ቀስ ብሎ ያንብብልህ።

የጠየቅከኝን በተራ ልመልስ። አዎ፣ አህያ አለ። አንዷ ጠዋት ጠዋት ውሃ ጭና ጤና ጣቢያው በር ላይ ትቆማለች። ጆሮዋ አንዱ ቆሟል፣ አንዱ ተኝቷል። ስምህን ነገርኳት፤ እሷም ዞረች።

ጫማውን ሰምቻለሁ። አባትህንም ሰምቶ እንዳልሰማ እንዳይሆን ንገረው።

የጻፍካትን ጠመዝማዛ መስመር አንብቤያታለሁ። የእንጦጦ ቁልቁለት ናት። መጨረሻዋ ላይ ያለችው ነጥብ ፍሬዋ ናት።

«እማ ሄደች፣ የት?» ብለሃል። ሕፃናት ወደሚወለዱበት ሩቅ ቦታ ነው የሄድኩት። እዚህ ሲወለዱ ሁሉም ያለቅሳሉ፣ አንዳቸውም አይናገሩም፤ እናቶቻቸው ግን ያን ጊዜውኑ ያወሯቸዋል። እኔም አንተን እንዲሁ አወራህ ነበር። አሁን ደግሞ አንተ ታወራኛለህ።

ዝናብ ሲጀምር፣ ሰኔ ላይ፣ አባትህን እጁን ይዘህ አውቶብስ ተራ ቁም። የፍሮምሳን አውቶብስ ታውቀዋለህ። በሩ ሲከፈት እዪ እንዳልከኝ አንተም እይ። አባትህ «ሄደ» የሚለውን አስተምሮሃል፤ እግዜር ይስጠው። «መጣች» የሚለውን ግን ለእኔ እንዲተወው ነግሬዋለሁ፤ እሱን እኔው ራሴ መጥቼ አስተምርሃለሁ።

እማ